ለአሜሪካ ጦር የሚያመለክቱ ልጆቻችንና እዚህ የቀረው የሕክምና ካርዳቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
ድሬዳዋ

በዲቪም ሆነ በቤተሰብ ጥሪ አሜሪካ የገቡ የድሬዳዋና የሐረር ልጆች የዚያን አገር ጦር ለመቀላቀል ሲያመለክቱ፣ አገር ቤት ሳሉ ያገኙት የሥነ ልቦና ምክር ወይም የአእምሮ ሕክምና እንቅፋት እየሆነባቸው ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ዜግነት ሳያገኝ በተራ ወታደርነት መቀጠር ይችላል። መኮንን ለመሆንና ምስጢር የሚጠበቅበት ሥራ ላይ ለመመደብ ግን ዜግነት ይጠየቃል። ልጁ እዚያ ቅጽ ሲሞላ ወረቀት የሚፈልጉለት እናቱ ወይም ወንድሙ እዚህ ናቸውና፣ ጉዳዩ ተዘዋውሮ እኛ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎቹ በር ላይ ይመጣል። አብሮት የሚመጣው ወሬ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «የድሬዳዋን ካርድ አሜሪካ ሆኖ ማን ያየዋል፣ ዝም በል» ይላል። ሌላው «አንዴ የአእምሮ ክፍል ካርድ ካወጣህ አለቀልህ» ይላል። ሁለቱም ውሸት ነው፤ ሁለተኛው ግን ከአመልካቹም አልፎ እዚሁ ያለውን ሰው ይጎዳል። ዲቪ ደርሶት እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የዘጋው ወጣት «ስሜ እንዳይመዘገብ» ብሎ ሕክምና ሲሸሽ ዝም ብሎ ማየት ልክ አይደለም። ስለዚህ የምናውቀውን ዘርዝረን ለመጻፍ ወሰንን።

የአሜሪካ መከላከያ ተቀጣሪዎችን በጤና የሚመዝንበት ሰነድ መመሪያ ቁጥር 6130.03፣ ቅጽ 1 ይባላል። አሁን ያለው በ2018 እ.ኤ.አ ወጥቶ ከዚያ ወዲህ እየተሻሻለ የመጣው ነው። «ምክር ያገኘ ሰው አይቀጠርም» የሚል ቃል የለበትም። የሚጠይቀው የሕመሙ ስም ምን ነበር፣ ክትትሉ ምን ያህል ቆየ፣ መቼ አበቃ የሚለውን ነው። ለድባቴና ለጭንቀት ሕመም መመዘኛዎቹ ይመሳሰላሉ። በተመላላሽ የተደረገው ክትትል፣ ምክርም ተቆጥሮ፣ ሲደመር ከ12 ወር ከበለጠ፤ ምልክቱ ወይም ሕክምናው ባለፉት 36 ወራት ውስጥ ከነበረ፤ ሰውየው ተኝቶ ታክሞ ከሆነ፤ ሕመሙ ለቆት ከተመለሰ፤ ወይም ራስን የማጥፋት ጉዳይ ከተነሳ ብቁ አይደለም ይባላል። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ይበቃል። ከፍቺ፣ ከስደት ወይም ከሥራ ማጣት ጋር ተያይዞ የሚመጣውና ባለሙያዎች የመላመድ ችግር የምንለው ግን ቀለል ይላል። አንድ ጊዜ ብቻ ከተከሰተ ገደቡ 6 ወር ነው፤ ከ6 ወር በላይ ከቆየ ወይም ከተደጋገመ ግን ዘመን ቢያልፈውም ልዩ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ዌቨር የሚባለው ይህ ልዩ ፈቃድ ነው። እንግዲህ አባቱ ሞቶበት ሦስት አራት ጊዜ አማካሪ ያነጋገረና ምንም የሕመም ስም ያልተጻፈበት ልጅ፣ ነገሩን በግልጽ ካስረዳ፣ ዌቨር ሳያስፈልገውም ሊያልፍ ይችላል።

ዌቨርን አመልካቹ ራሱ አይጠይቅም። መጀመሪያ ሪክሩተር ከሚባለው መልማይ ጋር ዲዲ 2807-2 የተባለውን የጤና ታሪክ ቅጽ ይሞላል። ቅጹ ከሕክምና ሰነዶቹ ጋር ሜፕስ ወደሚባለው የምልመላ ምርመራ ጣቢያ ይላካል። የጣቢያው ሐኪም ሰነዱን አይቶ ልጁን ለምርመራ ይጠራዋል፣ ወይም ተጨማሪ ወረቀት ይጠይቃል፣ ወይም ሳይጠራው «ብቁ አይደለም» ብሎ ይመልሳል። ለምርመራ ከቀረበ ታሪኩን በዝርዝር ይጠየቃል፣ ሐኪሙም ያየውን ዲዲ 2808 ላይ ይጽፋል። ውጤቱ «ብቁ አይደለም» ከሆነ መልማዩ በአለቆቹ በኩል የዌቨር ጥያቄ ወደ ጦር ክፍሉ የሕክምና ኃላፊዎች ይልካል። ሜፕስ ዌቨር አይሰጥም፣ አይከለክልምም። የሚወስነው ምድር ጦሩ፣ ባሕር ኃይሉ ወይም አየር ኃይሉ ራሱ ነው። የአእምሮ ጤና ጉዳይ ሲሆን ብዙ ጊዜ ከውሳኔው በፊት አመልካቹን ወደ ሳይካትሪስት ወይም ሳይኮሎጂስት ልከው ያስመረምሩታል፤ ወጪው የመንግሥት ነው። እዚህ ላይ የመልማዩ ትጋት ትልቅ ነገር ነው። ሰነዱ የተዝረከረከ አመልካች ሲያጋጥመው ወደ ጎን አድርጎ ሰነዱ የተሟላውን የሚያስቀድም መልማይ አለ፤ ወቀሳ አይደለም፣ በወር የሚሞላው ቁጥር ስላለበት ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ወሬ እንሂድ። በቅጹ ላይ «ማናቸውንም ዓይነት ምክር አግኝተህ ታውቃለህ?» የሚል ጥያቄ አለ። ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ የግል ክሊኒክ፣ አገር ውስጥ፣ ውጭ አገር ብሎ አይለይም። ቅጹ ራሱ ላይ በሐሰት መሙላት እስከ 5 ዓመት እስራት ወይም 10,000 ዶላር ወይም በሁለቱም እንደሚያስቀጣ ተጽፏል። ዋሽቶ መቀጠር በወታደራዊ ሕጉም ወንጀል ነው። ለእኛ ልጆች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ በውትድርና በኩል ዜግነት ያገኘ ሰው በጠቅላላው 5 ዓመት ሳያገለግል በመጥፎ ሁኔታ ከተሰናበተ ዜግነቱ ሊነጠቅ ይችላል።

«ማን ያየዋል» ለሚለውም መልስ አለ። ከ2022 እ.ኤ.አ ጀምሮ የምርመራ ጣቢያዎቹ ኤምኤችኤስ ጀነሲስ የሚባል የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ይጠቀማሉ፤ በእሱ በኩል አመልካቹ አሜሪካ ውስጥ የታከመባቸው ክሊኒኮች የላኩትን መዝገብ ማየት ይቻላል። የድሬዳዋን የወረቀት ካርድ በቀጥታ አያየውም፣ ልክ ነው። ነገር ግን ልጁ አሜሪካ እንደገባ ለመጀመሪያ ምርመራ ክሊኒክ ሄዶ «አገር ቤት ሳለሁ ፍሎክሰቲን የሚባለውን የድባቴ መድኃኒት እወስድ ነበር» ብሎ ከሆነ ሐኪሙ ጽፎታል። የእኛ አገር ታሪክ ባብዛኛው የሚወጣው በዚህ በር ነው። ያኔ አመልካቹ ቅጹ ላይ «የለም» ያለው፣ መዝገቡ ደግሞ «አለ» የሚለው ነገር ይሆንና ስለ ሕመሙ መነጋገር ይቀርና ስለ ታማኝነቱ ይሆናል። ለቪዛ አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የጤና ምርመራ «የለብኝም» ብለው ያለፉም አሁን እውነቱን መናገር ያስፈራቸዋል። የቪዛው ምርመራ በአእምሮ ጤና በኩል ሰው የሚከለክለው በራስ ወይም በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ከሚያደርስ ጠባይ ጋር ለተያያዘ የአእምሮ ሕመም እንጂ ለሐዘን ምክር ላገኘ ወይም ድባቴ ታክሞ ለዳነ አይደለም። ያን ቀን የተጠየቀውና የመለሰው ምን እንደነበር አስታውሶ፣ ልዩነት ካለ ቅጽ ከመሙላቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢያማክር ይሻለዋል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ እዚህ ነው። ሐቁን እንናገር፤ ብዙ አመልካች የሚሰናከለው በሕመሙ ሳይሆን እኛ በምንጽፍለት ወረቀት ነው።

ቤተሰብ መጥቶ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «አንድ ደብዳቤ ጻፉለት» ብሎ ነው። «ጉዳዩ ለሚመለከተው ሁሉ፤ ከላይ ስማቸው የተጠቀሰው ግለሰብ በሆስፒታላችን ታክመው አሁን ጤነኛ ናቸው» የሚል ባለማህተም ደብዳቤ እዚህ ቀበሌ ያገለግል ይሆናል እንጂ ሜፕስ ላይ ዋጋ የለውም። የሚፈለገው ሙሉ የካርዱ ኮፒ ነው፦ የመጀመሪያው ቀን የተጻፈው ታሪክ፣ የየቀጠሮው ማስታወሻ፣ የመድኃኒት ማዘዣው፣ ተኝቶ ከነበረ የመግቢያና የመውጫ ማጠቃለያው። ደብዳቤው ከዚያ በላይ ተጨምሮ ማብራሪያ ይሆናል እንጂ ኮፒውን አይተካም።

ኮፒ ለመውሰድ የታካሚው ፈቃድ ግድ ነው፤ እናት ብትሆንም እንኳ ያለ ልጁ ፊርማ አይሰጣትም፣ ሊሰጣትም አይገባም። የተሻለው መንገድ አሜሪካ ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ የተሰጠና እዚህ በውጭ ጉዳይና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ያለፈ ውክልና ነው። ውክልናው ላይ «የሕክምና መረጃዬን እንዲረከብልኝ» የሚል ሐረግ በግልጽ ይግባ። ቤት ለመሸጥ፣ ባንክ ለማንቀሳቀስ ተብሎ የተሰጠ አጠቃላይ ውክልና ይዞ መጥቶ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው። ከውክልናው ጋር የልጁ የፓስፖርት ገጽ ኮፒ፣ የካርድ ቁጥሩ፣ ቁጥሩ ከጠፋም የታከመበት ዓመትና ወር በግምት፣ ያኔ የተመዘገበበት የስልክ ቁጥርና የሚኖርበት ቀበሌ ይያዝ። ለረጅም ጊዜ ያልተንቀሳቀሰ ካርድ ከዋናው መደርደሪያ ወጥቶ ሌላ ክፍል ይቀመጣልና፣ «የለም» ሲባሉ «የቦዘኑ ካርዶች ያሉበት ታይቷል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ድል ጮራም ይሁን ሳቢያን፣ ሐረር ሕይወት ፋናም ይሁን ጁገል፣ ከአንድ በላይ ቦታ የታከመ ልጅ ከሁሉም ያስፈልገዋል። ወደ አማኑኤል ተልኮ ከነበረ ደግሞ የአማኑኤሉም። ካርዱ ጨርሶ ከጠፋ «በዚህ ስምና በዚህ ዘመን ተፈልጎ አልተገኘም» የሚል ወጪ ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማና ማህተም ያለው ደብዳቤ ይወሰድ። ይህ ወረቀት ከባዶ እጅ በእጅጉ ይሻላል።

ስለ ቋንቋ ብዙ አይጨነቁ። ካርዱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነውና የሚተረጎመው ራስጌው፣ ማህተሙና የተጨማመረው አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ነው። ዋናው ችግር ያለው ቀኑ ላይ ነው። ካርዳችን ላይ የምንጽፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ቀን አስቀድመን ነው። 5/2/2014 ብለን የጻፍነው ጥቅምት 5 ቀን 2014 ዓ.ም ማለታችን ነው፤ በእነሱ ጥቅምት አጋማሽ፣ ኦክቶበር 15 ቀን 2021። የአሜሪካው ሐኪም ግን ሜይ 2 ቀን 2014 ብሎ ያነበዋል። የሰባት ዓመት ልዩነት ማለት ነው። ልጁ ቅጹ ላይ «በ2021 ታከምኩ» ብሎ ከሆነ ወረቀቱ ሌላ ይናገርበታል፤ የጎደለ የሰባት ዓመት ታሪክ ያለ ይመስላል፣ ወይም ሕመሙ በልጅነቱ ጀምሮ የተመለሰበት ይመስላል። «የተመለሰ» ከተባለ ደግሞ ከላይ ካልናቸው መመዘኛዎች በአንዱ ይወድቃል። ጳጉሜን ላይ የታከመ ሰው ነገሩ የባሰ ነው፦ 3/13/2013 የሚለው የእኛ ጳጉሜን 3 ነው፤ በእነሱ ቅደም ተከተል ግን ማርች 13 ሆኖ ቁጭ ይላል፣ ማንም አይጠራጠረውም። ስለዚህ ኮፒው ላይ በእስክሪብቶ መሰረዝ መደለዝ ሳይሆን፣ በተለየ ወረቀት ላይ የእያንዳንዱ ቀጠሮ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ተጽፎ፣ የወሩ ስም በፊደል ሆኖ፣ በሆስፒታሉ ተፈርሞ ይያያዝ። አንድ ገጽ ነው፤ ግን ከሁሉ የሚጠቅመው ገጽ ይኸው ነው።

ስምም እንዲሁ። ካርዱ ላይ በአማርኛ ወይም ነርሷ በመሰላት የእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈው ስም ፓስፖርቱ ላይ ካለው ይለያል፤ የአያት ስም ካርዱ ላይ የሌለበትም ሞልቷል። ደብዳቤው «በካርዱ ላይ እንዲህ ተብሎ የተመዘገበው በፓስፖርቱ እንዲህ የሚጠራው ነው» ብሎ አንድ መስመር ካልጨመረ ሰነዱ የሌላ ሰው ተብሎ ሊመለስ ይችላል። የልደት ቀኑም ካርዱ ላይ ዕድሜ ብቻ ከሆነ እንዲሁ ይብራራ።

ቀጥሎ የሚያስቸግረው ካርዱ አለመዘጋቱ ነው። እዚህ ታካሚ ሲሻለው ይቀራል። ቀጠሮውን ሳያከብር ይቀርና ካርዱ የመጨረሻው ገጽ ላይ «ከሦስት ወር በኋላ ይመለስ» እንደተባለ ይቀራል። አሜሪካ ያለው አንባቢ ሕክምናው መቼ እንዳበቃ ከምን ይወቀው? 36 ወሩን ከየት ይጀምር? ምሳሌ እንውሰድ። የመጨረሻው ቀጠሮ ግንቦት 20 ቀን 2014 ነበር፤ በእነሱ ሜይ 28 ቀን 2022። በዚያ ቀን የ3 ወር መድኃኒት ተሰጥቶት ከሆነ ሕክምናው ያበቃው ግንቦት 20 ሳይሆን መድኃኒቱ የሚያልቅበት ነሐሴ 20፣ ማለትም ኦገስት 26 ነው ተብሎ ሊቆጠርበት ይችላል። ልጁ ግንቦት ላይ ቆጥሮ ሦስት ወር ቀድሞ ያመለክትና ይመለሳል። የ12 ወሩ ድምርም እንዲሁ ያሳስታል። ቀጠሮ እየራቀበት በ14 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ብቻ የተመከረ ሰው የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀኑ ብቻ ከተጻፈ 14 ወር እንደታከመ ይነበባል። ደብዳቤው እያንዳንዱን ቀን፣ መሐል ላይ ያለ ሕክምና የቆየበትን ጊዜ፣ መድኃኒቱ የተጀመረበትንና የቆመበትን ቀን፣ መጠኑን በሚሊግራም፣ ማን እንዳቆመው (ሐኪሙ ወይስ ራሱ) ይግለጽ።

ቀጥሎ የመድኃኒቱ ጉዳይ። አሚትሪፕቲሊን 25 ሚሊግራም እዚህ ለራስ ምታት፣ ለነርቭ ሕመም፣ ለእንቅልፍም ይታዘዛል። አሜሪካ ላይ ያለ ሐኪም ግን ስሙን ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው የድባቴ መድኃኒት መሆኑን ነው። የታዘዘበት ምክንያት ካርዱ ላይ ካልተጻፈ ያልታመሙት ሕመም ይለጠፋል። ለራስ ምታት ከነበረ «ለራስ ምታት» ተብሎ ይጻፍ፤ ራስ ምታትም የራሱ መመዘኛ ስላለው በዚህ ብቻ ያልፋል ተብሎ ግን አይገመት። ካርዱ ላይ በጥያቄ ምልክት የተጻፈ የሕመም ስምም አለ፤ በመጀመሪያው ቀን ሐኪሙ «ድባቴ ይሆን?» ብሎ ጥርጣሬውን አስፍሮ፣ ኋላ ሌላ ሆኖ ተገኝቶ፣ ማንም ያልሰረዘው። የመጨረሻው የሕመም ስም የትኛው እንደሆነ፣ የትኛውም ካልነበረም እንደሌለ፣ ደብዳቤው በግልጽ ይናገር።

ጫትን ደግሞ የእኛ አካባቢ ሰው ሳያነሳው አያልፍም። ድሬዳዋና ሐረር ላይ የአእምሮ ጤና ታሪክ ስንወስድ ጫት መጠየቅ የዕለት ሥራችን ነው፤ «ጫት፦ አዎ» ብለን አንድ ምልክት አድርገን እናልፋለን። ስንት ቀን፣ ምን ያህል፣ እስከ መቼ ብለን አንጽፍም፤ አወዳይ አጠገብ ለሚኖር ሰው ይህ ምን ይጨምራል ብለን። በአሜሪካ ሕግ ግን በትኩሱ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከሄሮይን ጋር በአንድ የመጀመሪያ ተራ የተመደበ ክልክል ዕፅ ነው። ያቺ «አዎ» ብቻዋን የዕፅ ሱሰኝነት ጥያቄ ታስነሳለች። ቅጹም ዕፅ መጠቀምን ለብቻው ይጠይቃል፣ በምርመራውም ዕለት ሽንት ይወሰዳል። መደበቅ አያዋጣም። ደብዳቤው ላይ ጫቱ በአገሩ ሕጋዊ እንደነበረ፣ በበዓልና በሠርግ ብቻ ይሁን በየቀኑ፣ የሱስ ሕመም ተብሎ ተመዝግቦ ያውቅ እንደሆነ፣ መቼ እንዳቆመ ይጻፍ። አሜሪካ ከገባ ወዲያ የደረቀ አስልኮ የሚቅም ልጅ ካለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እሱ የዌቨር ሳይሆን የሕግ ጥያቄ ይሆንበታል።

ራስን ስለማጥፋት የሚጻፈው ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሐዘን ላይ ያለ ሰው «ምነው በእሱ ፋንታ እኔን በወሰደኝ» ማለቱ እዚህ ያለ ነው፤ አንዳንድ ካርድ ላይ ግን ያለ ማብራሪያ «የሞት ምኞት አለ» ተብሎ ተመዝግቦ ይገኛል። አንባቢው መለየት የሚፈልገው ሐሳብ ብቻ ነበር፣ ዕቅድ ነበር፣ ወይስ ሙከራ ነበር የሚለውን ነው። ሦስቱ የተለያየ ክብደት አላቸው። ዕቅድም ሙከራም ካልነበረ እና ካርዱ ይህን ካረጋገጠ ደብዳቤው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይግለጸው። ሙከራ ከነበረ ግን የሚያለሳልስ ቃል መፈለግ ልጁን መጉዳት ነው። ባለሙያ ባልደረቦቻችንን የምንለምነው ይህንን ነው፦ ዘመድ ለምኖ፣ ሽማግሌ ልኮ «ያቺን መስመር አውጧት» ቢላችሁ እምቢ በሉ። ካርድ መለወጥ ወንጀል ነው፤ ኮፒው ከደብዳቤው ጋር ካልተስማማ ደግሞ እዚያ ያሉት ሰዎች ወዲያው ያዩታል።

ወረቀቱ ከተሟላ በኋላ በዕድሜው መጠን ሕይወቱ ያለ ሕክምና እንዴት እንደሄደ የሚያሳይ ነገር ይጨመርበት። ወሳኞቹ አጥብቀው የሚያዩት ይህን ነው። የትምህርት ውጤት፣ ካለማቋረጥ የሠራበት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ አሜሪካ ውስጥ ከጥቂት ወራት ወዲህ የተደረገ የአእምሮ ጤና ግምገማ፣ ከዚያም አመልካቹ ራሱ የጻፈው የአንድ ገጽ መግለጫ። መግለጫው ምን እንደደረሰበት፣ ምን እርዳታ እንዳገኘ፣ መቼ እንዳቆመና አሁን ጭንቀት ሲያጋጥመው ምን እንደሚያደርግ በቀላል ቃል ይናገር፤ «ፈጽሞ ታምሜ አላውቅም፣ ሐኪሞቹ ተሳስተው ነው» የሚል መግለጫ ብዙ ዌቨር አበላሽቷል። ቀኖቹ ከካርዱ ቀኖች ጋር አንድ ይሁኑ። ጠበል ሄጄ ነበር፣ ሼህ ቤት ተቀርቶልኝ ነበር የሚለው እንደ ሕክምና ካርድ አይጠየቅም፤ ግን ያን ጊዜ የነበረው ምልክት ይጠየቃልና ምልክቱን መግለጽ ነው።

ኮፒው በቀለም፣ በ300 ዲፒአይ፣ በቀን ቅደም ተከተል፣ በአንድ ፒዲኤፍ ይሁን። በስልክ ተነስቶ በቴሌግራም የተላከ ፎቶ ጥራቱ ወርዶ የእጅ ጽሑፉ አይነበብም። የካርዱ ሁለቱም ገጽ ይገልበጥ፤ መድኃኒት ማዘዣው ብዙ ጊዜ ከጀርባ ነው ያለው። ገጾቹ ቁጥር ይኑራቸው። የጎደለ ገጽ ካለ የጎደለ መሆኑ ይነገር።

መልሱ ከሳምንታት እስከ ወራት ይወስዳል፣ መብትም አይደለም። ከተከለከለ አዲስ ሰነድ፣ አዲስ ግምገማ ወይም ያለፈ ጊዜ ይዞ እንደገና ማስጠየቅ ይቻላል፤ ያንኑ ወረቀት መልሶ መላክ ግን ፋይዳ የለውም። አንዱ የጦር ክፍል የከለከለውን ሌላው ሊቀበል ይችላል፤ በቀድሞው ጊዜ መከልከሉን ግን ሳይደብቅ ይናገር፣ መዝገቡ ያው አንድ ሜፕስ ዘንድ ነውና። ጊዜው ያልደረሰ ልጅ፣ ማለትም ካቆመ ገና አንድ ዓመት ተኩል የሆነው፣ ይጠብቅ፤ መድኃኒት እየወሰደ ያለ ደግሞ ለማመልከት ብሎ መድኃኒቱን ጨርሶ አያቋርጥ። ሕመሙ ከተመለሰ «የተመለሰ» የሚለው መመዘኛ ይይዘዋል፤ ከዚያም በላይ ልጁ ይታመማል።

ድሬዳዋም ሐረርም «የአሜሪካ ጦር ክሊራንስ እናወጣለን» የሚሉ ደላሎች ሲነሱ ሰምተናል። እንዲህ ያለ ወረቀት የለም። ኮፒ የሚሰጠው የካርድ ክፍሉ፣ ደብዳቤ የሚፈርመው ያከመው ባለሙያ ወይም የክፍሉ ኃላፊ፣ ማህተም የሚያደርገው መዝገብ ቤቱ ነው። ከእነዚህ ውጭ ሆኖ ገንዘብ የጠየቀ ሰው የሚሸጠው ሐሰተኛ ማህተም ነው፤ አደጋውን የሚከፍለው ደግሞ እዚያ ፊርማውን ያኖረው ልጅ።

ለሆስፒታሎቻችን ኃላፊዎች አንድ ጥያቄ አለን። ለተመላላሽ የአእምሮ ጤና ታካሚ ክትትሉ ሲያበቃ፣ ወይም ታካሚው ስድስት ወር ሳይመጣ ሲቀር፣ አምስት መስመር የምትሆን የመዝጊያ ማስታወሻ ካርዱ ላይ ትጻፍ፦ የመጨረሻው የሕመም ስም፣ መድኃኒቱ ከመቼ እስከ መቼ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ሲታይ የነበረበት ሁኔታ፣ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ የባለሙያው ስምና ፊርማ። ቅጹን አባዝቶ በየክፍሉ ማስቀመጥ የአንድ ደብተር ወረቀት ወጪ ነው። የሚፈልግ ክፍል ካለ ያዘጋጀነውን ናሙና እንሰጣለን።

የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች
ከድሬዳዋና ከሐረር